የአባት ስም ሲሉኝ

ዘጠኝ ጊዜ ተጫነው። ጉዲና እኮ ነው፤ ሮቤ መናኸሪያው ጀርባ በኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ውስጥ ስምንት ዓመት ሙሉ «የታመመ ዲስክ ደጋግመህ አታስነሳ፣ የቀረችውን ነፍስ ራስህ እያወጣሃት ነው» እያለ ደንበኛ ሲቆጣ የኖረው ጉዲና። ግድግዳው ላይ በእጁ ጽፎ የለጠፈው ነበረ፤ «ኮፒ የሌለው ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል።» ከአጋርፋ ኮሌጅ የመጣች ምኞት የምትባል አስተማሪ የሁለት ዓመት ጽሑፏን ይዞ የሞተ ላፕቶፕ አቅፋ እፊቱ ስታለቅስ፣ መጀመሪያ የጠየቃት ስሟን አይደለም፤ ኮፒ አለሽ ወይ ነው። የለኝም አለችው። ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትይኝ አላት፤ ያን ቀን እንዲያ ማለቱ አሁን ፊቱን በጥፊ ይመታዋል። ያ ሰው ዛሬ ጀርመን፣ ካሴል በሚባል ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቀን ለመተኛት መስኮቱን በብርድ ልብስ በጋረደበት ክፍል፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የራሱን ላፕቶፕ ማስነሻ ዘጠኝ ጊዜ ተጫነ። ዘጠኝ ጊዜም ጥቁር ስክሪን ላይ ያው ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም። ከሆዱም ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ። ይኼን ድምፅ ያውቀዋል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

መተኛት ነበረበት። የሆስፒታል አንሶላ ከሚያጥብበት ፋብሪካ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የወጣው፣ ማታ ተመልሶ ይገባል፣ በመሃል ያለችው እንቅልፍ ናት፤ እሷም አዮ ከሞተች ወዲህ አልመጣ ብላለች። አዮ እናቱ ናት። ጎባ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝታ በአራተኛው አረፈች፣ ዛሬ ሠላሳ ስድስተኛ ቀኗ ነው፣ እሑድ አርባዋ ይወጣል፣ ልጇ ግን እዚህ ነው፣ የጥገኝነት ወረቀቱ ስድስት ዓመት ሙሉ «በመታየት ላይ» ስለሆነ ከጀርመን ከወጣ አይመለስም። ቀባሪ አለመሆን ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። አፈር ያላለበሰ ሰው እናቱ የሞተች አይመስለውም፣ ስልክ የማታነሳ ነው የሚመስለው፣ ተቀይማው። ደግሞ ብትቀየመው ልክ ናት።

ላፕቶፑ ውስጥ አሥራ አንድ የድምፅ ቀረጻ አለ። ሌላው ሁሉ ገደል ይግባ። ከሮቤ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው የቀዳው፣ ስልኩን ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ አስደግፎ፣ አዲስ ስልክ ልሞክር ነው ብሏት፣ እሷም ስንዴ እየለቀመች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ የባጥ የቆጡን እያወራች። አዲስ አበባ ለሁለት ወር ስልጠና ልሄድ ነው አላት። ስልጠናው እውነት ነበር፣ ሁለት ወሩም እውነት ነበር፤ ቦታው ግን ጀርመን ነበር፣ መመለስ የሚባል ነገርም በሐሳቡ አልነበረም። ድምፁን ወደ ላፕቶፑ አዛውሮ ይዞት መጣ። ስልኩ ባቡር ላይ ጠፋ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዱን ብቻ ከፍቶ አዳመጠ፣ እሱንም ግማሹን፣ «ስትመለስ ጥቁር ጤፍ ይዘህልኝ ና» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አልነካውም። ኮፒም አላደረገው፤ ኮፒ ለማድረግ መክፈት ያስፈልጋል፣ ለመክፈት ደግሞ ድፍረት።

ትናንት ሴና ደወለች። ታናሽ እህቱ ናት፣ አባታቸውን የምትጦረው እሷ ናት።

«ጉዲና፣ አባ እህል እምቢ ብሏል» አለች። «ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ወደ ጎባ መንገድ እያየ ይውላል። ዛሬ ጠርቶኝ ድምፅዋ የለም ወይ አለኝ። የእሷ ስልክ እንደሆነ ባለ ቁልፉ ነው፣ ምን ይይዛል? አንተ ቀድተሃት ነበር አይደል?»

«አዎ። አሥራ አንድ ነው።»

«ውይ፣ ተመስገን! ከእሑድ በፊት ላክልኝ በናትህ። ስንቱ ሰው ቤት ሞልቶ ሲወጣ እሱ ብቻውን ነው የሚቀረው።»

ነገ እልካለሁ አላት። ከሥራ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ላፕቶፑን ከአልጋው ስር አወጣ፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገ፣ ተጫነ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

አሁን ደግሞ ሰው እንዲረዳው ይደውላል። የሞተ ዲስክ እንከፍታለን የሚል ድርጅት ከስልኩ ላይ አገኘ፤ መጀመሪያ ሙዚቃ፣ ቀጥሎ አንድ ተጫን ሁለት ተጫን፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት። የቤተሰብ ስም አለችው። ጉዲሳ አላት። ሄር ጉዲሳ፣ አቶ ጉዲሳ ማለቷ ነው፣ ቀጠሮ አለዎት? የለኝም። ያለ ቀጠሮ አንቀበልም፣ ቅጹን ሞልተው ይላኩ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ ይሰጥዎታል። የእናቴ ድምፅ ነው፣ እሑድ አርባዋ ነው ሊላት ፈልጎ አርባ የሚለውን በጀርመንኛ ምን ብሎ ያስረዳታል? አርባ ቁጥር ነው። አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋ።

ጉዲሳ። ይኼ ስም ነው ሌላው የሚያቃጥለው። ጉዲሳ የአባቱ አባት ናቸው፣ እሱ ሳይወለድ የሞቱ። ፓስፖርቱ ላይ ጉዲና ቀነዓ ጉዲሳ ተብሎ ሦስቱ ሲደረደሩ፣ እዚህ ሰው የሚጠራው በመጨረሻው ነው፤ ለአለቃው ጉዲሳ፣ ለሐኪሙ ጉዲሳ፣ በደብዳቤ ሳጥኑ ላይ ጉዲሳ። አዮ ደግሞ በሕይወቷ ሙሉ ያንን ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም። በእነሱ ወገን ያገባች ሴት የባሏን ስም አትጠራም፣ የአማቷንም አትጠራም፣ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ትሸሻለች፤ ላጉ ይሉታል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ብዙው ትቶታል፣ አዮ ግን አልተወችም። አማቷ ጉዲሳ ስለሆኑ በኦሮምኛ ትልቅ ለማለት ጉዳ አትልም ነበር፤ ወሬዋን በኦሮምኛ እያስኬደች እዚያ ቃል ላይ ስትደርስ «ትልቅ» ብላ ከአማርኛ ተውሳ ታልፋለች። ልጆቹ ሆን ብለው ያጠምዷት ነበር። አዮ፣ ዝሆን ምን ያህል ነው? በጣም ትልቅ! እያለች፣ እየሳቁባት፣ ማንኪያ እየወረወረች። አባቱ ጉዲና ብለው ስም ሲያወጡለት ከገዛ አባታቸው ስም ጋር እንዲገጥም ነው፤ ለሚስታቸው ምላስ ያሰበላት የለም። ስለዚህ የገዛ ልጇን ስም ሳትጠራ አሳደገችው። ሚልኪ አለችው፤ መልካም ገድ ማለት ነው። ሚልኪ ኮ፣ የእኔ ሚልኪ። ባሏንም «አባ ሚልኪ» እያለች አርባ ዓመት ኖረች።

አንድ ቀን ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ በስልክ ሲያናግራት አለቃው ከውስጥ «ጉዲሳ!» ብሎ ጮኸ። ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ሳያያት አወቀ።

«ማነው እሳቸውን እንዲህ የሚጠራው?» አለች።

«እኔን ነው አዮ። እዚህ የሚጠራው የመጨረሻው ስም ነው።»

«አንተን? በእሳቸው ስም? እና አንተን ማን ይጠራሃል?»

ሳቀ። የሚደውለው ይደውላል ተብሎ ስለሚጠበቅ እንጂ ስልኩ ከብዶት ነበር፤ ሥራ ገባሁ ብሎ ዘጋ። አሁን ያን ሳቅ ከጆሮው የሚያወጣለት ቢገኝ ምን አለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ፍላሹ ትዝ ያለው ከዘጠነኛው በኋላ ነው። ከሮቤ ጀምሮ ቁልፉ ላይ አብሮት የሚዞር ትንሽ ፍላሽ አለ፣ ላፕቶፕ በራሱ አልነሳ ሲል ከፍላሹ የሚያስነሳ፣ በሱቁ ዘመን ስንቱን ያዳነበት። ሰካው። ተጫነ፣ አሥረኛ። ጠቅ አለ፣ ዝም አለ፣ ፍላሹ ብልጭ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መጣ። አባታችን ሆይ ማለት ጀምሮ ግማሽ ላይ ተወው። ዲስኩ ታየ። ለመታየት አምስት ደቂቃ ፈጀ፣ ግን ታየ፣ በውስጡም «አዮ» የሚለው ፎልደር፣ በውስጡም ከአንድ እስከ አሥራ አንድ።

እዚህ ላይ ነው ራሱን የማይምረው። ማንኛውም ጠጋኝ የሚያውቀው ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ዲስክ የሚሰጥህ ጊዜ የተቆጠረ ነው፣ ከሁሉ የሚበልጥብህን አስቀድም። እሱ ግን የቱ እንደሚበልጥ አያውቅም፣ አልሰማቸውማ። ስለዚህ ከአንድ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ ተማሪ በሰልፍ። በደህና ቀን ዓይን ሳይጨፈን የሚያልፍ ፋይል አሁን ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ስክሪኑ ላይ የኮፒው መስመር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ዲስኩ ጠቅ ይላል፣ እሱ ትንፋሹን ይይዛል፣ ትሄዳለች። ላፕቶፑን በመሐረብ እንደተኛ ሕፃን ደገፍ አድርጎታል። ጎረቤት በር ዘጋ፣ ግድግዳው ተነቃነቀ፣ ቀስ በል አንተ ሰው ብሎ በአማርኛ ጮኸ።

ያለፈውን ያለፈውን ወደ ስልኩ እያዛወረ በማዳመጫ ይሰማል። ሁለተኛው ላይ ስንዴ ትለቅማለች፣ የኮምባይነር ስንዴ ገለባ በዛበት እያለች ታማርራለች። አራተኛው ላይ ነፋስ ነው፣ የሮቤ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሷም «ይኼ እንኳ ከጎባ የተላከ ነው፣ የጎባ ሰው ብርዱን ለብቻው አይበላም» ትላለች፣ በገዛ ቀልዷ ትስቃለች። ስድስተኛው ላይ ሴና ትገባለች፣ ከጎሮ ገበያ የገዛችው በግ ገመድ በጥሶ ጠፋ ብላ፣ ግርግር፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ባዶ ማዕድ ቤት፣ ድስት ሲንተከተክ ብቻ። ያን ድስት እስከ መጨረሻው ሰማው። ስምንተኛው ላይ «ሚልኪ፣ በልተሃል?» ትላለች፣ እሱም በዚያ ዘመን ድምፁ «በልቻለሁ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ይቆጣታል። ቁጣው ቀጥኖ ነው የሚሰማው። ልጅ ነበርኩ ይላል፤ አልነበረም፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

አሥረኛው አለፈ። አሥራ አንደኛው ሄደ፣ ሄደ፣ ከግማሽ አለፈ፣ ቆመ። ጠቅ። ጠቅ ጠቅ። ከዚያ ያልሰማው ዓይነት ድምፅ፣ እንደ ጥፍር ብረት ላይ፣ ከዚያ ምንም። ዲስኩ ከስክሪኑ ጠፋ። ነቅሎ ሰካ፣ አቀዘቀዘ፣ ጸለየ፣ ምንም። በጠዋት ያለ ፋይዳ ዘጠኝ ጊዜ የተጫነው ነው፤ የዚያችን ያህል ነፍስ ነበር የጎደለው። ይኼን ለሌላ ሰው ቢሆን በደንብ አድርጎ ይነግረው ነበር።

የመጣችውን ያህል ከፈተ። የድሮ ስልክ መቅጃ ስለሆነ የተቆረጠም ቢሆን እስከ ደረሰበት ይሰማል። መጀመሪያ እሱ ነው፤ «በቃ አዮ፣ አጥፍቼዋለሁ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ይላል። በሩ ይዘጋል። አላጠፋውም ነበር፤ ረስቶት ነው የወጣው። ዝምታ። የወንበር ድምፅ። ከዚያ አዮ፣ ለራሷ፣ ቀስ ብላ።

«ሄዷል እንግዲህ። አዲስ አበባ ይለኛል። ለአዲስ አበባ የብርድ ካፖርት ማን ይገዛል? እሱ ሞኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምስጢር የያዘ የመሰለው እሱ ብቻ ነበር።

«ይሂድ» ትላለች። «ሚልኪ ነው፣ ይቀናዋል። ግን ቢጠፋብኝስ? ያቺ ጎረቤቴ ዙቤዳ ልጇ ዓብዱልፈታሕ የጠፋባት ጊዜ በየቢሮው ስትዞር አብሬያት ነበርኩ። ማቃ፣ ይላሉ። ስም። ማቃ አባ፣ ይላሉ። የአባት ስም። ከዚያ የአያት። አብሬያት ቆሜ እኔ ነኝ የራድኩ። ዙቤዳ ጠርታ ጠርታ ነው ያላገኘችው፤ እኔ ሳልጠራ እንዴት አገኘዋለሁ?» ትንፋሽ። «አምላኬ ይቅር ይበለኝ። እሳቸውም ይቅር ይበሉኝ። ልለማመደው። ስም ሲሉኝ…» እንደገና ትንፋሽ፣ ረጅም። «ጉዲና።»

እንደ ባዕድ ሰው ነው ያለችው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ እያንዳንዱን ለይታ። ከዚያ ደገመችው፣ «ጉዲና»፣ ትንሽ ለስልሶ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ እንደ ሰው ስም። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ነበር ለካ፣ መቼ እንደ ተነሳ አያውቅም፤ አቤት አላት። ጮክ ብሎ። አቤት፣ አዮ።

«የአባት ስም ሲሉኝ…» ትላለች። ወንበሩ ይንቀሳቀሳል። ከንፈሯ ሲላቀቅ ይሰማል፣ «ቀ» የምትመስል አንዲት ድምፅ፣ ወይም የዲስኩ ጠቅታ። እዚያ ላይ ያልቃል። ሰባት ጊዜ አስደገመው። ቀ ነው። አይደለም፣ ጠቅታ ነው። ቀ ነው።

አሥሩን ለሴና ላከ። አሥራ አንደኛውን አልላከም። ያ የእሷ ገመና ነው፤ ሰው የለም ብላ ያደረገችው፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰበሰብበት በአርባዋ ቀን በየስልኩ እንዲዞር አይፈቅድም። ላፕቶፑን ዘጋው። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደ፤ ውጭ ቀን ነው፣ ሰው ውሻ ያናፍሳል፣ አውቶቡስ በሰዓቱ ይመጣል። ለሥራ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ስልኩ ጠራ። ሴና መስሎት አነሳ፣ አባቱ ናቸው።

«ጉዲና።»

«አቤት አባ። እንዴት ዋሉ? እህል ቀመሱ?»

«ቀመስኩ። ቀመስኩ። ሰማሁት፣ ሴና ጆሮዬ ላይ አድርጋልኝ። የጎባን ብርድ ስትል ሳቅሁ።» ሳሉ። «ሴና አሥር ነው አለችኝ። አንተ አሥራ አንድ ብለህ ነበር አለችኝ።»

«አንዱ ተበላሸ አባ። ዲስኩ ሞተ።»

«እህ።» ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል፣ በር ላይ ናቸው። «ላጉ ጥሩ ነው፣ ክብር ነው፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ግን ሰው ሲያረጅ ሞኝ ይሆናል። አርባ ዓመት ሙሉ አባ ሚልኪ፣ አባ ሚልኪ። ስሜ በእሷ አፍ ምን እንደሚመስል ሳላውቀው ሄደች። ከተቀዳው ውስጥ… እንዲያው አንድ ቦታ፣ ሳታውቀው እንኳ…»

አልጨረሱም። ጉዲና ግድግዳውን ይዟል። እውነቱ በእጁ ያለችው «ቀ» ናት፣ እሷም ጠቅታ ልትሆን ትችላለች። ለእናቱ ዋሽቶ ነው የወጣው፣ ላልበላው በልቻለሁ ሲል ስድስት ዓመት ኖሯል፣ አሁን ያቺን ግማሽ ፊደል ይዞ ለሽማግሌ ምን ይመልስ? ቀና ብሎ የሞተውን ላፕቶፕ አየ። ይኼኛው ውሸት ይከብደኛል ብሎ ነበር፤ አልከበደውም።

«ጠርታዎታለች አባ» አለ። «በአሥራ አንደኛው ላይ። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተበላሸው።»

«ስሜን?»

«ስምዎን።»

አንድ ጋሪ ከበሩ ፊት ሲያልፍ፣ የፈረሱ ኮቴ አስፋልቱ ላይ ሲመታ ሰማ።

«እንዴት አድርጋ ጠራችው?»

ልጅ አባቱን በስሙ አይጠራም፤ ጉዲናም ጠርቶ አያውቅም። ዓይኑን ጨፈነ። እሷ የእሱን ስም ሦስተኛ ጊዜ ስትጠራ እንዳለሰለሰችው፣ ያንኑ ያህል አለሰለሰው።

«ቀነዓ» አለ።

«አቤት» አሉ አባቱ።